ልኩን ያወቀ ሞተር፦ አሮጌ ፒክአፖች ከካርቡራተር ወደ ነዳጅ መርጫ የተሻገሩበት ታሪክ

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ነዳጁ ከዚህ ልክ አልፎ ሲበዛ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የቤንዚን ሞተር ታሪክ ከአንድ ወገን ሲታይ ይህን ልክ የመፈለግ ታሪክ ነው። ነዳጅን በግፊት መርጨት ቀደም ብሎ የታወቀ ጥበብ ሲሆን፣ የተረጨው ልክ ስለመሆኑ ሞተሩ ራሱ እንዲመሰክር ማድረግ ግን ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተሠሩ ፒክአፖች ዛሬ ካርቡራተራቸው ወልቆ በገበያ የሚሸጥ የነዳጅ መርጫ ሊገጠምላቸው የቻለውም ይህ ሁለተኛው ጥበብ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ተራ ጋራዥ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የመሳብ ዘመን

በ1886 ካርል ቤንዝ በጀርመን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ባገኘበት ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ ነዳጅና አየር ይገናኙ የነበረው እጅግ ቀላል በሆነ መንገድ ነበር፤ አየሩ በተጠራቀመ ቤንዚን ላይ ያልፍና የተነነውን ይዞ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አሠራሩ መትነንን ብቻ የሚጠብቅ በመሆኑ ቀኑ ሲቀዘቅዝ ነዳጁ ያንሳል፣ ሲሞቅ ይበዛል፣ ሞተሩ ድንገት ተጨማሪ ጉልበት ሲጠየቅም ፈጥኖ መልስ አይሰጥም። በ1893 ግን የጎትሊብ ዳይምለር ባልደረባ የነበረው ቪልሄልም ማይባህ በጀርመን፣ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ ደግሞ በሃንጋሪ፣ ነዳጁ ከቀጭን ቀዳዳ እየፈለቀ ከአየር ጋር የሚቀላቀልበትን ካርቡራተር አቀረቡ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘጠና ዓመታት የተሠሩት የቤንዚን መኪኖች አብዛኞቹ የዚህ አሳብ ልጆች ናቸው።

የካርቡራተር ምስጢር ያለው በአየር ፍጥነት ላይ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የሚስበው አየር ወገቡ በጠበበ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ይህ ጠባብ ወገብ የፈሳሾችን ጠባይ ባጠናው ጣሊያናዊ ሊቅ በጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ ስም ቬንቱሪ ይባላል። ከቱቦው ጎን አንዲት ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለች፤ በውስጧ ያለው ተንሳፋፊ ልክ በቤት የውሃ ታንከር ውስጥ እንዳለው ተንሳፋፊ ነዳጁ ሲሞላ መግቢያውን እየዘጋ፣ ሲጎድል እየከፈተ፣ ከፍታውን ይጠብቃል። ግፊቱ በቀነሰበት ወገብ ላይ የተከፈተችው ቀዳዳ ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያው ትስባለች፤ አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ የሚከፈተው ስሮትል የሚባል ክዳንም ምን ያህል አየር እንዲያልፍ ይወስናል። መሣሪያው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ መፍቻና ጠመንጃ መፍቻ የያዘ ሰው መንገድ ዳር ፈቶ ሊያጸዳው ይችላል።

ጉድለቱም ከዚያው ከቅለቱ የሚመነጭ ነው። ካርቡራተር የሚያውቀው የአየሩን ስበት እንጂ የአየሩን ክብደት አይደለም። መኪናው ወደ ተራራ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ቬንቱሪው ግን በሳሳው አየር ልክ ነዳጁን ስለማይቀንስ ድብልቁ በነዳጅ እየከበደ ይሄዳል። በባሕር ጠለል ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት አዲስ አበባ ቢመጣ፣ በዚያ ከፍታ ያለው የአየር እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ ያህል ስለሚያንስ፣ ድብልቁ ከመቶ አሥር ያህል በነዳጅ የበዛ ይሆናል፤ በአሜሪካም ከካንሳስ ሜዳ ተነሥተው የኮሎራዶን ተራሮች የሚሻገሩ አሽከርካሪዎች የሚያውቁት ድካም ይኸው ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነዳጁ በብረቱ ላይ እየተለጠፈ ስለሚቀር ቾክ የሚባል ተጨማሪ ክዳን አየሩን አንቆ ድብልቁን በነዳጅ ማክበድ ነበረበት፤ መኪናው በዳገት ወይም በጎን ሲያዘነብል ደግሞ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ቤንዚን አብሮ ስለሚያዘነብል ሞተሩ አንዴ ይታነቃል፣ አንዴ ይጠማል። መንገድ ለሌለበት ስፍራ የተሠራን የጭነት መኪና ከሌላው ይልቅ ይህ ችግር ያዘወትረው ነበር።

የሆነ ሆኖ በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ከካርቡራተር የሚሻል ርካሽ መንገድ አልነበረም። በፔንሲልቬኒያ ግዛት በብራድፎርድ ከተማ ሥራ የጀመሩት የሆሊ ወንድማማቾች በ1904 ለኦልድስሞቢል ካርቡራተር አቀረቡ፤ ኋላም በ1908 ለገበያ ለቀረበው ለፎርድ ሞዴል ቲ ከዋነኞቹ አቅራቢዎች አንዱ ሆኑ። ይህ ስም ከመቶ ዓመት በኋላ ካርቡራተርን ከሚያስወልቁት ኩባንያዎች መካከል ተመልሶ የሚመጣ ነው።

መርጨት ቀድሞ ይታወቃል

ነዳጅን በግፊት የመርጨት ጥበብ የጎለመሰው በቤንዚን ሳይሆን በናፍጣ ሞተር ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በእጅጉ ታፍኖ በጋለ አየር ውስጥ ሲረጭ በመሆኑ መርጫው የሞተሩ ቅጥያ ሳይሆን ልቡ ነው። የሽቱትጋርቱ ሮበርት ቦሽ ኩባንያ በ1927 የናፍጣ መርጫ ፖምፓ በብዛት ማምረት ሲጀምር ከባድ የጭነት መኪና በናፍጣ የሚሄድበት ዘመን ተከፈተ፤ ጭነት መኪናና ነዳጅ መርጫም ከዚያ ጀምሮ ተዋወቁ።

ወደ ቤንዚን ሞተር ያሻገረው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ተዋጊ አውሮፕላን የተገጠመለት ዳይምለር ቤንዝ 601 ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይረጭ ነበር፤ የእንግሊዞቹ ሃሪኬንና ስፒትፋየር የሚበሩበት የሮልስ ሮይስ ሜርሊን ሞተር ግን ካርቡራተር ነበረው። የጀርመኑ አብራሪ አፍንጫውን ድንገት ደፍቶ ሲወርድ መርጫው ሥራውን ይቀጥላል፤ የእንግሊዙ ተከትሎ ሲደፋ ግን በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ሞተሩ ለቅጽበት ይጠፋል። በ1941 በፋርንቦሮ የንጉሣዊው አቪየሽን ምርምር ተቋም መሐንዲስ የነበረችው ቢያትሪስ ሺሊንግ በነዳጁ መስመር ላይ የሚገባ ቀዳዳው የተመጠነ ትንሽ ብረት ሠርታ ችግሩን ለጊዜው አቃለለች። አንዲት የተበሳች ብረት የአንድን ሞተር ጠባይ መለወጧ የካርቡራተር ዘመን ጥበብ በምን ላይ ቆሞ እንደነበር በደንብ ያሳያል፤ ልክ ማለት የቀዳዳ ስፋት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ጥበብ ወደ መንገድ ወረደ። በ1954 የቀረበው መርሴዲስ 300 ኤስኤል የቦሽ መካኒካል ፖምፓ ነበረው፤ ነዳጁንም በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይረጭ ነበር። ነገር ግን ቁልፉ ከጠፋ በኋላ ሞተሩ ዞሮ እስኪቆም ድረስ ፖምፓው መርጨቱን ስለማያቆም ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥብ፣ የሞተሩንም ዘይት ያቀጥን ነበር፤ መሣሪያው መርጨት እንጂ መቼ ማቆም እንደሚገባው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በአሜሪካ ደግሞ በ1957 የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የሆነው ሮቸስተር ለሼቭሮሌት ኮርቬት ራምጄት የተባለ መካኒካል መርጫ አቀረበ፤ 283 ኩቢክ ኢንች ማለትም 4.6 ሊትር ያህል መጠን ያለው ሞተርም 283 የፈረስ ጉልበት አወጣ ተብሎ ተወራለት። መሣሪያው ውድ ነበር፤ የሚያስተካክለውም መካኒክ በየቦታው አይገኝም ነበርና እስከ 1965 ብቻ ቆይቶ ከምርት ወጣ።

ኤሌክትሪክን ለዚህ ሥራ ለማሰማራት የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራም በዚያው ወቅት ነው። የቤንዲክስ ኩባንያ ኤሌክትሮጀክተር የተባለ መርጫ ሠርቶ በ1958 ጥቂት የክራይስለር መኪኖች ላይ አስገጠመ፤ እነዚህም ወደ 35 ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚህ መርጫ ውስጥ ኢንጀክተር የሚባለው በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፈትና የሚዘጋ ቀጭን ቧንቧ ሲሆን፣ የነዳጁ መጠን የሚወሰነው በቀዳዳው ስፋት ሳይሆን ለስንት ሺሕኛ ሰከንድ ተከፍቶ በመቆየቱ ነው። አሳቡ ትክክል ነበር፤ የዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን የሞተር ክፍልን ሙቀትና እርጥበት አልቻለም። መኪኖቹ ለጥገና ተመልሰው ተጠሩ፤ አብዛኞቹም ካርቡራተር ተመልሶ ተገጠመላቸው። የፈጠራው መብት ግን አልጠፋም፤ የጀርመኑ ቦሽ የቤንዲክስን የፈጠራ መብቶች መሠረት አድርጎ ሥራውን ቀጠለ።

ሕግ ያስገደደው ምጥን

ቀጣዩን እርምጃ ያመጣው የፍጥነት ምኞት ሳይሆን የካሊፎርኒያ አየር ነበር። በሎስ አንጀለስ ላይ የሚያንዣብበው ጭጋግ ከመኪና ጭስ ጋር የተያያዘ መሆኑ በመታወቁ ግዛቲቱ በ1967 የአየር ሀብት ቦርድ አቋቋመች፤ በዚያው ዓመት ቦሽ ዲ ጄትሮኒክ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ መርጫ ወደ አሜሪካ በሚላከው ቮልስዋገን 1600 ላይ አቀረበ። ይህ መሣሪያ በማኒፎልዱ ውስጥ ማለትም አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚከፋፈልበት ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት በመለካት ለስንት ጊዜ መርጨት እንዳለበት ያሰላል። ሞተሩ የገባውን አየር መመዘን ጀመረ ማለት ይቻላል፤ ሆኖም የሰጠው መልስ ትክክል መሆን አለመሆኑን መልሶ የሚጠይቅበት መንገድ ገና አልነበረውም።

በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀው የንጹሕ አየር ሕግ ከመኪና የሚወጣው በካይ ጋዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። ፋብሪካዎቹ በ1975 ሞዴሎች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የተባለውን መሣሪያ በስፋት አስገቡ፤ ይህም በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚቀመጥ፣ ውስጡ እንደ ፕላቲኒየም ባሉ ውድ ብረቶች የተለበጠ፣ መርዛማውን ጭስ ወደ ጉዳት የለሽ ጋዝ የሚለውጥ ዕቃ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚያጸዳው ዓይነት ግን አንድ ጥብቅ ሁኔታ ነበረው፤ የሚሠራው ድብልቁ በ14.7 ዙሪያ እጅግ ጠባብ በሆነ ክልል ውስጥ ሲጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ክልል የትኛውም ቬንቱሪ በራሱ ሊጠብቀው አይችልም።

መልሱ በ1976 ተገኘ። ቦሽ የሠራውና መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ለሚሸጡ የቮልቮ መኪኖች የተገጠመው የኦክስጅን ሴንሰር በጭስ ማውጫው ውስጥ ተተክሎ የሚወጣውን ጭስ የሚያሸት መሣሪያ ነው፤ ከዚርኮኒያ ሴራሚክ የተሠራው አፍንጫው በጭሱ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን ሲያገኝ ዝቅተኛ፣ ሳያገኝ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። ኮምፒውተሩ ይህን ምልክት ተቀብሎ ኦክስጅን ከተረፈ ነዳጅ ይጨምራል፣ ካልተረፈ ይቀንሳል፤ የቀነሰውም ውጤት ተመልሶ በሴንሰሩ ይታያል። መሐንዲሶች ዝግ ዑደት የሚሉት ይህን ነው፤ ሥራና ምስክርነት በአንድ ክብ ውስጥ ተገናኙ። ከማይባህ ጀምሮ ለሰማንያ ዓመታት በመካኒክ ጆሮና ዓይን ሲገመት የኖረው ልክ በሞተሩ በራሱ መለካት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ካርቡራተር እጁን ወዲያው አልሰጠም። ጄኔራል ሞተርስ በ1981 በመላ አሜሪካ በሸጣቸው የቤንዚን መኪኖቹ ላይ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ካርቡራተር አስገባ፤ ከ1965 ጀምሮ ይመረት የነበረው ኳድራጄት የተባለው ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡራተር በኦክስጅን ሴንሰር ትእዛዝ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀስ መርፌ ተጨመረለት። ይህ አሮጌና አዲስ የተዳቀሉበት መሣሪያ የሁለቱንም ውስብስብነት ሰብስቦ የያዘ በመሆኑ ዕድሜው አጭር ሆነ። በምትኩ የመጣው ስሮትል ቦዲ ኢንጀክሽን ነበር፤ ይህም በካርቡራተሩ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ፣ ቅርጹም ካርቡራተር የሚመስል፣ ነገር ግን ቬንቱሪና ተንሳፋፊ በሌለው አካል ላይ አንድ ወይም ሁለት ኢንጀክተሮች ከላይ ወደ ታች የሚረጩበት አሠራር ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ 1987 ልዩ ስፍራ አለው። ሼቭሮሌትና ጂኤምሲ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ቅርጽ ያመርቷቸው የነበሩት፣ ወዳጆቻቸው በማዕዘናማ መልካቸው የሚለዩአቸው ፒክአፖች በዚያ ዓመት ካርቡራተራቸውን ትተው በስሮትል ቦዲ ኢንጀክሽን መጡ። አካሉ ያው ነው፤ 350 ኩቢክ ኢንች ማለትም 5.7 ሊትር የሆነው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተርም በመሠረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው በዋናነት በላዩ የተቀመጠው ስሮትል ቦዲና የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነበር። በተከታዩ ዓመት የፎርድ ኤፍ ተከታታይ ፒክአፖች የቤንዚን ሞተሮችም በሙሉ ወደ መርጫ ዞሩ። ፋብሪካው ሳያስበው ለባለንብረቶች አንድ ማስረጃ ሰጠ፤ የ1986ቱና የ1987ቱ ፒክአፕ ጎን ለጎን ሲቆሙ አሮጌው ሞተር አዲሱን መሣሪያ መሸከም እንደሚችል ታየ።

ከፋብሪካ ወደ ጋራዥ

የመጀመሪያዎቹ ለዋጮች ዕቃቸውን ያገኙት ከተጣሉ መኪኖች ግቢ ነበር። ከተጋጨ ፒክአፕ ላይ ስሮትል ቦዲውን፣ ኮምፒውተሩንና የሽቦውን ጥቅል ፈትተው በራሳቸው መኪና ላይ ይገጥሙ ነበር። ይህ ሥሪት ለነዳጅ መስመሩም የዋህ ነበር፤ የካርቡራተር ፖምፓ የሚሰጠው ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች ከ5 እስከ 7 ፓውንድ ሲሆን፣ የጄኔራል ሞተርስ ስሮትል ቦዲ የሚፈልገውም ከ9 እስከ 13 ብቻ ነበር። ዋናው ችግር የነበረው በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለችው የማስታወሻ ቺፕ ላይ ነው። በቺፗ ላይ የተጻፈው ሰንጠረዥ ለአንድ የተወሰነ ሞተር የተዘጋጀ ስለነበር፣ ካምሻፍቱ ማለትም የቫልቮችን መከፈትና መዘጋት የሚያዝዘው ዘንግ የተለወጠለት፣ ወይም መጠኑ የተለየ ሞተር ላይ ሲገጠም ቺፗን አውጥቶ እንደገና መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ ይህንንም የሚችሉ ጥቂቶች ነበሩ።

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሆሊ ፕሮጀክሽን የተባለ፣ በአሮጌ ሞተር ላይ ለመግጠም በሙሉ ጥቅል የሚሸጥ ስሮትል ቦዲ ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው ዓይነት ኮምፒውተር ዛሬ በሚታወቀው ትርጉም ኮምፒውተር አልነበረም፤ ባለቤቱ በኢትዮጵያ ጋራዦች ከጣሊያንኛ በተወረሰው ቃል ሚኒሞ የሚባለውን የቁም ዙር፣ የመካከለኛውን ጉዞና የሙሉ ጉልበቱን ድብልቅ በየራሳቸው ማዞሪያ እየጠመዘዘ የሚያስተካክልበት ሳጥን ነበር። መሣሪያው ዳገትንና ማዘንበልን ድል አደረገ፤ ልኩን የማወቅ ሥራ ግን አሁንም በሰው እጅ ቀረ፤ መጥፎ የተስተካከለ መርጫም መጥፎ ከተስተካከለ ካርቡራተር አይሻልም። ብዙዎች በዚህ ዘመን ሞክረው ወደ ካርቡራተራቸው የተመለሱበት ምክንያት ይኸው ነበር።

ይህን ቋጠሮ የፈታው በ1990ዎቹ የተስፋፋው ሰፊ ክልል የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። የ1976ቱ ሴንሰር የሚመልሰው በዛ ወይም አነሰ ብቻ ነበር፤ በ14.7 ዙሪያ ካልሆነ በቀር ምን ያህል እንደበዛ ወይም ምን ያህል እንዳነሰ አይናገርም። ጭነት የያዘ ፒክአፕ ዳገት ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይግልና እንዳያንኳኳ ድብልቁ ወደ 12.5 ወርዶ በነዳጅ መክበድ አለበት፤ አሮጌው ሴንሰር በዚያ ስፍራ ዕውር ነው። አዲሱ ሴንሰር ከሳሳው እስከ ወፈረው ድረስ ትክክለኛውን ቁጥር ስለሚሰጥ ለኮምፒውተሩ በሁሉም የጉዞ ሁኔታ ምስክር ሆነለት።

በ2001 ሜጋስክወርት የተባለው፣ ፍላጎት ያለው ሰው በብየዳ ብረት ራሱ የሚገጣጥመው የሞተር ኮምፒውተር ሲወጣ የመርጫ እውቀት ከታላላቅ ኩባንያዎች ውጭ በሰፊው ተዳረሰ። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ደግሞ ፋስት የተባለው ኩባንያ ኢዚ ኢኤፍአይ ብሎ ያቀረበው ጥቅል ሰንጠረዡን ራሱ የሚጽፍ ሆኖ መጣ፤ በ2010ዎቹ አጋማሽ ፊቴክና ሆሊ ስናይፐር የተባሉት ተከተሉት። በነዚህ በኋለኞቹ መሣሪያዎች ኮምፒውተሩና አብዛኞቹ ሴንሰሮች በስሮትል ቦዲው አካል ላይ ተሰብስበዋል፤ አራት ኢንጀክተሮችም አሏቸው። ባለቤቱ የሞተሩን መጠን፣ የሲሊንደሩን ብዛትና የካምሻፍቱን ዓይነት በትንሽ ስክሪን ላይ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙርና የማኒፎልዱን ግፊት እያየ በሚረጨው ነዳጅ ላይ ሴንሰሩ የሚሰጠውን እርማት በሰንጠረዡ ሳጥኖች ውስጥ እየመዘገበ፣ መኪናው በተነዳ ቁጥር ይማራል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ስለሚቀጣጠል፣ ይህን እርማት የሚከታተል የሰው ጆሮ ሊኖር አይችልም።

መሣሪያው ሲገጠም

ሻጮች የሚናገሩት አራት ብሎን ፈቶ አራት ብሎን ማሰር ነው፤ የሥራው ክብደት ግን ያለው ከሞተሩ ራስ ላይ ሳይሆን ከኋላ ነው። አዲሶቹ ስሮትል ቦዲዎች የሚፈልጉት ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 58 ፓውንድ ገደማ በመሆኑ በሞተሩ ጎን ያለው አሮጌው ፖምፓ ይወልቅና ሥፍራው ይደፈናል፤ በምትኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፖምፓ ይገባል። ይህ ፖምፓ ገፊ እንጂ ሳቢ ባለመሆኑና የሚቀዘቅዘውም በዙሪያው ባለው ቤንዚን በመሆኑ የሚመረጠው ቦታው በታንኩ ውስጥ ነው፤ በታንኩ ስር በውጭ ሲሰቀል ይጮሃል፣ ቤንዚኑ ሲያንስ አየር ይውጣል፣ ቶሎም ይቃጠላል። አሮጌዎቹ ታንኮች ውስጣቸው ከፋፋይ ግድግዳ ስለሌላቸው መኪናው ሲታጠፍ ነዳጁ ከፖምፓው አፍ ይሸሻል፤ ካርቡራተር በማጠራቀሚያው ያለውን እየተጠቀመ የሚያልፈውን ቅጽበት መርጫ አያልፈውም፤ ወዲያው ይጠፋል። ለካርቡራተር የተሠራው የጎማ ቱቦም ይህን ግፊት አይችልም፤ በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት መሆኑም አሮጌውን ጎማ ያጠቃዋል።

ከፊት ለፊት ያለው ሥራ የመግባባት ሥራ ነው። የኳድራጄት ሁለቱ የፊት ጉሮሮዎች ጠባብ፣ ሁለቱ የኋላዎቹ ሰፊ በመሆናቸው እኩል ጉሮሮ ያለው አዲሱ ስሮትል ቦዲ በዚያ ማኒፎልድ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ በመካከል መገናኛ ሳህን ይገባል፤ ሳህኑ በደንብ ካልገጠመ አየር ያስገባል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ፒክአፕ ከስሮትሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ገመድ ካለው የገመዱ ርዝመትና ማዕዘን እንደቀድሞው መጠበቅ አለበት፤ አለበለዚያ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ይዛባና ማርሾቹ ይንሸራተታሉ። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር የሚያውቀው እሳቱን ለየካንዴላው ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቡተሩ በሚመጣ ምልክት በመሆኑ፣ ሽቦው ከካንዴላ ገመዶች ጋር ተጠጋግቶ ቢታሰር የተሳሳተ ዙር ይቆጥራል። ኃይሉም በቀጥታ ከባትሪው ሊመጣ ይገባል፤ በሻሲው ላይ ለአርባ ዓመት የዛገ የመሬት (የኔጌቲቭ) ግንኙነት ለመብራት ይበቃ ይሆናል፣ ለኮምፒውተር ግን አይበቃም።

የኦክስጅን ሴንሰሩም በጭስ ማውጫው ላይ ከሞተሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ውሃ እንዳይተኛበትም ወደ ላይ አዘንብሎ ይበየዳል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ ትንሽ ስንጥቅ ከውጭ አየር ካስገባ ሴንሰሩ ያሸተተውን ኦክስጅን ከሞተሩ የወጣ ይመስለዋል፤ ነዳጅ አነሰ ብሎ ይመሰክራል፤ ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ታዛዥ ስለሆነ ነዳጅ ይጨምራል፣ ስሕተቱንም በሰንጠረዡ ላይ ይመዘግበዋል። የማይቀጣጠል አንድ ሲሊንደርም ሳይጠቀምበት የቀረውን ኦክስጅን እያስወጣ ተመሳሳይ የሐሰት ምስክርነት ያሰጣል። በካርቡራተር ዘመን ሳይታወቅ የኖረ ስንጥቅ በመርጫ ዘመን ዳኛውን የሚያሳስት ሆነ።

ሕጉም ይከተላል። ለጭስ ልቀት ሕግ መሟላት የተወለደው ይህ ጥበብ በተራው በሕግ ሥር ነው፤ በካሊፎርኒያ 1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች ከየጊዜው የጭስ ምርመራ ነጻ ሲሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ በተሠራ ፒክአፕ ላይ ግን ከአየር ሀብት ቦርዱ የፈቃድ ቁጥር የሌለው መርጫ መግጠም መኪናውን ከመንገድ ሊያስቀር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገኘው ትርፍ ብዙዎች የሚጠብቁት ዓይነት አይደለም። በጥሩ እጅ የተስተካከለ ካርቡራተር በሙሉ ፍጥነት የሚሰጠው ጉልበት ከመርጫ ብዙም አያንስም፤ መርጫው የሚበልጠው በማለዳ ብርድ ሳያንገራግር በመነሣት፣ ከሜዳ ወደ ተራራ ሲወጣ ሳይታፈን በመሄድ፣ በጎን ሲያዘነብልም ባለመጥፋት ነው። የሚታጣም አለ፤ ካርቡራተር ሲበላሽ እያለከለከም ቢሆን ወደ ቤት ያደርሳል፣ ፖምፓው የቆመ መርጫ ግን መኪናውን ባለበት ያቆመዋል። መካኒኩም ጆሮውን ከሞተሩ ላይ አንሥቶ ዓይኑን ወደ ሽቦው፣ ወደ ቱቦው ማያያዣና ወደ ጭስ ማውጫው ብየዳ መልሷል፤ ልኩን የመገመት ሥራ ከእሱ ሲወሰድ ምስክሩ እንዳይሳሳት የመጠበቅ ሥራ ተሰጥቶታልና። አሮጌ ፒክአፕ በአዲስ መርጫ ልኩን የሚያውቀው በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ያ ትንሽ ሴራሚክ የእውነተኛውን ጭስ ሽታ እስካገኘ ድረስ ነው።